«ወላጅ አምጣ» ከማለታችሁ በፊት

የክፍል ኃላፊ የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ልጁ ሰኞ ይቀራል። ማክሰኞ ሲመጣ በር ላይ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። እናቱ የቀን ሥራ ላይ ናት፤ አንድ ቀን ከቀረች የዕለት ሒሳቧን ታጣለች፣ በማግስቱም ላይጠሯት ይችላሉ። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ አይነግራትም፤ ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ ይወጣና እስከ መልቀቂያ ሰዓት ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ይውላል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከሄደ በቃ፣ መዝገቡ ላይ «አቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል።

መጀመሪያ ስም መጥሪያውን አውጡ። ስንት ቀን ቀረ ከሚለው ይልቅ የትኛውን ቀን እንደቀረ እዩ። ሁሌ በገበያ ቀን የሚጠፋ ልጅ ዕቃ ሲጠብቅ ወይ ሲሸከም የሚውል ሊሆን ይችላል። ገጠር ህዳርና ታህሳስ ላይ ክፍሉ ከሳሳ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ቅጣት እዚያ ላይ ምንም አይሠራም፣ ፈተናውን ከዚያ ሳምንት ማሸሽ ይሻላል። ሴት ልጅ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ከቀረች ደግሞ ሞዴስ አጥታ ወይ የሽንት ቤቱ በር አልዘጋ ብሎ ሊሆን ይችላል። ይህን ሴት መምህር ትጠይቃት።

እኔ ራሴ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይፎርፋል ብዬ ሦስት ጊዜ ወላጅ አምጣ ብዬ መልሼዋለሁ። ቆይቶ ጓደኛው አንድ ነገር ሹክ አለኝና የእህቱን ክፍል ስም መጥሪያ ከእኔው ጎን አስቀመጥኩት። እሱ የቀረበት ቀን እሷ አለች፣ እሷ የቀረችበት ቀን እሱ። ጫማው አንድ ነበር፣ በተራ ነው የሚያደርጉት። አንድ ሸራ ጫማ ገዛንና አለቀ። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ልጁን ለብቻው አናግሩት። ክፍል ፊት ከጠየቃችሁት «አሞኝ ነው» ነው የሚላችሁ። ቤት መደወል ካለባችሁ ማታ፣ እናቱ ከሥራ ስትመለስ ደውሉ። ክሱን ተዉትና «ልጅዎን ሳጣው ጊዜ ነው የደወልኩት» በሉ። ስልክ ከሌለ በሰፈሩ ልጅ ወረቀት ላኩ። ዘመድ ቤት እየሠራ የሚማር ከሆነ ማነጋገር ያለባችሁ አሳዳሪውን ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ብልሃት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ምገባ አለ። በዓመቱ መሐል የመጣ ልጅ ስሙ የምገባው ዝርዝር ውስጥ መግባቱን እዩ። ደግሞም አርፍዷል ብሎ በር ላይ ማስቀረት ቁርሱንም መንሳት ነው፤ ይህን ለዘበኛውም ለዩኒት ሊደሩም ንገሩ። ጥፋት ካለ ግቢው ውስጥ ይቀጣ፣ ላይብረሪ ቁጭ ብሎ ያካክስ።

ሲመለስ «እንግዳችን መጣ!» የምትለዋ ቀልድ ትቅር። ክፍሉ ይስቃል፣ እሱ ግን ነገ ላይመጣ ይችላል። ያመለጠውን እንዲገለብጥ አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ደብተሩን ለአንድ ማታ ያውሰው።