ጎንደር ሆኖ ለጀማሪዎች የጀርመንኛ የማዳመጥ ፈተና እንዴት መዘጋጀት ይቻላል

ጎንደር ውስጥ ከማውቃቸው የጀርመንኛ ተማሪዎች መካከል አብዛኞቹ የኤ1 (የመጀመሪያው የጀማሪዎች ደረጃ) ፈተና ሲነሣ ከሁሉ አስቀድመው የሚፈሩት የማዳመጡን ክፍል ነው። በንባብ ላይ ያልገባ ቃል ተመልሶ ይታያል፤ ከጆሮ ያመለጠ ቃል ግን አይመለስም። ፍርሃቱ ተገቢ ቢሆንም፣ ብዙዎች መፍትሔው እያንዳንዱን ቃል መረዳት እንደሆነ አድርገው መዘጋጀታቸው ትክክል አይመስለኝም። ይህ ፈተና የሚጠይቀው ከአንድ አጭር ንግግር ውስጥ አንዲት ነገር ለይቶ መያዝን ነው፤ ሰዓቱን፣ ዋጋውን፣ ስልክ ቁጥሩን ወይም ቦታውን። አማርኛ ተናጋሪውም የሚሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ስለሆኑ፣ ዝግጅቱ ከእነርሱ ቢጀምር ድካሙ ይቀንሳል።

ፈተናውን አስቀድሞ ማወቅ

የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም የሆነው የጎተ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የኤ1 ፈተና የማዳመጥ ክፍል 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሲሆን 15 ጥያቄዎች አሉት። በመጀመሪያው ክፍል ስድስት አጫጭር ንግግሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ይሰማሉ፤ ተፈታኙም ከሦስት ምርጫዎች አንዱን ይመርጣል። በሁለተኛው ክፍል እንደ ባቡር ጣቢያ ወይም የገበያ አዳራሽ ባሉ ቦታዎች በድምፅ ማጉያ የሚነገሩ አራት ማስታወቂያዎች ይቀርቡና ተፈታኙ የተጻፈውን «እውነት» ወይም «ሐሰት» ይላል፤ እነዚህ የሚሰሙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው ክፍል አምስት የስልክ መልእክቶች ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። የማዳመጡ ክፍል ከጠቅላላው 100 ነጥብ 25ቱን ይይዛል፤ ለማለፍ በድምሩ 60 ነጥብ ያስፈልጋል። ይህን ያላገኘ ሰው የሚደግመው ሙሉውን ፈተና እንጂ የወደቀበትን ክፍል ብቻ አይደለም።

ኢንስቲትዩቱ የናሙና ፈተናዎችን ከነድምፃቸው በድረ ገጹ በነጻ ያቀርባል። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ናሙና ያለ ምንም ዝግጅት ይሥሩና የት የት እንደተሳሳቱ መዝግበው ያስቀምጡ። ሌላውን ደግሞ ሳይከፍቱ ለመጨረሻው ሳምንት ያቆዩት።

ሰዓት፣ ቁጥርና ፊደል

ከዝግጅቱ ጊዜ ግማሹን ለእነዚህ ሦስት ነገሮች ቢሰጡ አይበዛም። እኔ በሞከርሁት የመጀመሪያ ናሙና ላይ ተናጋሪዋ «ሃልብ አኽት» ስትል ሰማሁ፤ «ሃልብ» ግማሽ፣ «አኽት» ስምንት መሆኑን ስለማውቅ ያለ ጥርጥር «8፡30» የሚለውን መረጥሁ። ትክክለኛው መልስ ግን 7፡30 ነበር። ጀርመኖች ተኩልን የሚቆጥሩት ካለፈው ሰዓት ሳይሆን ከሚመጣው ነው። ለእኛ ይህን ለመያዝ የሚረዳው ራሱ አማርኛችን ነው፤ «ለስምንት ሩብ ጉዳይ» እንደምንለው ሁሉ «ሃልብ አኽት»ን «ለስምንት ግማሽ ጉዳይ» ብለው ይያዙት። ሩብ ጉዳይ በጀርመንኛም «ፊርትል ፎር» ስለሚባልና አነጋገሩ ከእኛው ጋር ስለሚገጥም አያስቸግርም።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ አቆጣጠራችን በስድስት ሰዓት መለየቱ ነው። በጀርመንኛ የሰሙትን ሰዓት በልብዎ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ከሞከሩ፣ ሒሳቡን ሲሠሩ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ስለዚህ ቢያንስ በዝግጅቱ ወራት የስልክዎን ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያድርጉትና ባዩት ቁጥር በጀርመንኛ ጮክ ብለው ይናገሩት። በማስታወቂያዎች ላይ የባቡር መነሻ «አኽትትሴን ኡር ድራይሲህ» ተብሎ ሊነገር ይችላል፤ ይህም 18፡30 ማለት ነው።

በቁጥር ረገድ ጀርመንኛ አንዱን ቤት ከአሥሩ ቤት ያስቀድማል። እኛ «ሃያ አራት» የምንለውን እነርሱ «አራትና ሃያ» ይላሉ፤ «ፊርኡንትትስቫንትሲህ»። ጆሮ «አራት» ሲሰማ እጅ 4ን ለመጻፍ ይቸኩላልና 42 ተጽፎ ይቀራል። ቁጥሩ እስኪያልቅ እጅን መያዝ በልምምድ የሚመጣ ጠባይ ነው። ከፒያሳ ወደ ማራኪ ሲሄዱ የሚያልፉትን ባጃጅ ሁሉ የሰሌዳ ቁጥሩን ሁለት ሁለት አሐዝ እየከፈሉ በጀርመንኛ ያንብቡ፤ ከዚያም ጓደኛዎ ሲያነብ እርስዎ ይጻፉ። በ«ትሴን» እና በ«ሲህ» ወይም «ትሲህ» የሚያልቁትን ጥንዶች በተለይ ይለዩ፤ 13 «ድራይትሴን»፣ 30 «ድራይሲህ»፤ 15 «ፍዩንፍትሴን»፣ 50 «ፍዩንፍትሲህ»። ስልክ ቁጥር ሲነገር ሁለት ቁጥር «ትስቫይ» በመባል ፈንታ «ትስቮ» ሊባልም ይችላል፤ ምክንያቱ ከ«ድራይ»፣ ከሦስት ጋር እንዳይምታታ ነው።

ፊደል የሚያስቸግረን እንግሊዝኛን አስቀድመን ስለተማርን ነው። በእንግሊዝኛ «ኤ» የምንለው ፊደል በጀርመንኛ «አ» ይባላል፤ «ኢ» የምንለው «ኤ»፣ «አይ» የምንለው ደግሞ «ኢ» ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው ስሙን ፊደል በፊደል ሲናገር «ኤ» ካለ፣ የሚጻፈው ለእንግሊዝኛ የለመደው እጃችን የሚጽፈው ፊደል አይደለም። «ጄ» የምንለው «ዮት»፣ «ቪ» የምንለው «ፋው»፣ «ደብሊው» የምንለው «ቬ» መሆኑንም ያጥኑ። የቤተሰብዎን ሁሉ ስም በዚህ መንገድ እየጠሩ መለማመድ ይበቃል።

የየቀኑ ልምምድ

በቀን ግማሽ ሰዓት ያለ ማቋረጥ ማዳመጥ በሳምንት አንድ ቀን አራት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። የጀርመን ዓለም አቀፍ የብሮድካስት ጣቢያ የሆነው የዶይቸ ቬለ ነጻ የጀማሪዎች ትምህርት ከነድምፁ ስለሚገኝ፣ ኔትወርክ ጥሩ በሆነበት ሰዓት አውርደው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ልምምዱ እንዳይቋረጥ ስልኩን አስቀድሞ መሙላት ነው።

አንድን አጭር ንግግር መጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ ያዳምጡና የት እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ብቻ ለራስዎ ይንገሩ። በሁለተኛው ማዳመጥ ሰዓቱን፣ ዋጋውን ወይም ቦታውን ይጻፉ። ጽሑፉን የሚከፍቱት ከዚህ በኋላ ነው፤ ያመለጠዎትን ቃል አስምረው፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድምፁን እየተከተሉ አብረው ይናገሩ። አንደበት ያልለመደውን ቃል ጆሮም ቶሎ አይለየውም። ለኤ1 የሚፈለጉት ቃላት 650 ያህል ሲሆኑ ዝርዝራቸው ከኢንስቲትዩቱ ድረ ገጽ ይገኛል።

የጆሮ ማዳመጫ ብቻ እንዳይለምዱ እመክራለሁ። የፈተናው ድምፅ በአብዛኛው የሚሰማው በክፍሉ ውስጥ ከተቀመጠ ማጫወቻ በመሆኑ፣ አንዳንድ ቀን ስልኩን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ የባጃጁ ጥሩምባ እየተሰማ ያዳምጡ። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቶች ሁሉ ሲጣሩ «ባሕር ዳር» የሚለውን ብቻ ለይቶ የሚሰማ ሰው፣ ለሁለተኛው ክፍል የሚያስፈልገውን ችሎታ በራሱ ቋንቋ አስቀድሞ ይዞታል።

ሲያዳምጡ መጠንቀቅ የሚገባ ነገር

በመጀመሪያው ክፍል ከአንድ በላይ ምርጫ በንግግሩ ውስጥ ሊጠራ ስለሚችል፣ ቃሉን መስማት ብቻውን መልስ አይሆንም። ለምሳሌ ሻጯ ሹራቡ «ድራይሲህ ኦይሮ» እንደሆነ ትናገራለች፤ ገዢው ተወደደ ሲል «አበር ሆይተ ኑር ድራይትሴን» ትለዋለች፤ «ግን ዛሬ 13 ብቻ» ማለቷ ነው። 30ን ሰምቶ ወዲያው ያመለከተ ተፈታኝ ተሳስቷል። «አበር» (ግን)፣ «ላይደር» (ያሳዝናል)፣ «ኒሽት» (አይደለም)፣ «ካይን» (ምንም) እና «ኤርስት» (ገና) የሚሉት ቃላት ሲሰሙ እውነተኛው መልስ ብዙውን ጊዜ ከእነርሱ በኋላ ነው።

የጀርመንኛ ግሥ አንዳንድ ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ትርጉሙን የሚወስነው ቁራጭ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ መሳፈር፣ መውረድና ባቡር መቀየር የሚለዩት «አይን»፣ «አውስ» እና «ኡም» በሚሉት ቁራጮች ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ይጠቀማል፤ በቋንቋችን ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ እስከ አራት ነጥቡ መጠበቅ ለምደናል።

ለሁለተኛው ክፍል ዋናው ነገር ማስታወቂያው ከመጀመሩ በፊት የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ጨርሶ መጠበቅ ነው። «ግላይስ» (የባቡር ሐዲድ ቁጥር)፣ «ፈርሽፔቱንግ» (መዘግየት)፣ «አንገቦት» (የዋጋ ቅናሽ) እና «አውስጋንግ» (መውጫ) የሚሉትን ቃላት ሲሰሙ ሳያስቡ የሚገቡዎት እስኪሆኑ ያጥኗቸው።

ጉዞውና የፈተናው ቀን

ፈተናው አዲስ አበባ ስለሆነ ከጎንደር የሚነሣ ሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለበት። በመኪናም ሆነ ከአዘዞ በአውሮፕላን ቢሄዱ፣ ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድመው ይግቡ፤ በጥምቀት ሰሞን ከሆነ ደግሞ ትኬቱን ቀደም ብለው ይያዙ። የደከመ ጆሮ 13ን ከ30 አይለይም። በዋዜማው አዲስ ቃል ማጥናት ትተው ያቆዩትን ናሙና አንድ ጊዜ ብቻ ያዳምጡ።

በፈተናው ላይ አንድ ጥያቄ ካመለጠዎት ምልክት አድርገውበት ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ ስላለፈው እያሰቡ ቀጣዩን ማጣት ከአንድ ነጥብ በላይ ያስከፍላል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ ክፍት የሚተው ጥያቄ አይኑር። መጨረሻ ላይ መልሶቹ ከጥያቄው ወረቀት ወደ መልስ መስጫው ወረቀት ስለሚዛወሩ፣ የጥያቄውን ቁጥር በጣትዎ ይዘው ከ1 እስከ 15 አንድ በአንድ ያመሳክሩ።