ባቲክ ስትገዙ ጨርቁን ገልብጡት

ኢንዶኔዥያ፣ በተለይ ጃቫ ደሴት ላይ ዮግያካርታ ወይም ሶሎ ገበያ ከገባችሁ ልብ በሉ፤ ባቲክ ማለት ንድፉ በትኩስ ሰም ተሠርቶ፣ ሰሙ የነካው ቦታ ቀለም እንዳይገባበት ተደርጎ የሚቀለም ጨርቅ ነው፤ ባቲክ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ግን በሰም የተሠራ አይደለም። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ጨርቁን ገልብጡና ጀርባውን እዩት። በእጅ የተሠራው ቀለም ውስጥ ተነክሮ ነው የሚቀለመው። ጥሩው ደግሞ ሰሙ በሁለቱም ወገን ይሳልበታል። ስለዚህ ፊቱም ጀርባውም እኩል ይደምቃል። በማሽን የታተመው ግን ብዙ ጊዜ ጀርባው ገርጣ ይላል።

ቀጥሎ አንድ አበባ ምረጡና መንታውን ፈልጉ። ባለሙያዋ ትኩሱን ሰም የምታፈስሰው ቻንቲንግ በሚባል፣ ቀጭን አፍ ባለው ትንሽ የመዳብ መሣሪያ ነው። የእጅ ሥራ ነውና አንዱ ነጥብ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ይላል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። በመዳብ ማኅተም ሰም የተመታበት ደግሞ ቅርጹ ሳይዛነፍ ይደጋገማል። እሱም እውነተኛ ባቲክ ነው፤ ግን ቶሎ ስለሚሠራ በእጅ በተሳለው ዋጋ እንዳትገዙት።

ቤት ስትገቡ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ እጠቡት። በረኪና አታስጠጉት። ስታሰጡት ጥላ ላይ ይሁን፤ ስትተኩሱት በጀርባው በኩል።