በሚኒባስ ውስጥ የሚያድር ሰው ፍራሹን እንዴት ያዘጋጅ?

ወንበሮቹ ተነሥተውለት ለማደሪያ የተሰናዳ ሚኒባስ ይዞ በአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳሉት ሜዳዎችና ጫካዎች የሚወጣ ሰው፣ ስለ መኝታው ሲያስብ አስቀድሞ የሚያሳስበው የፍራሹ ውፍረት ነው። እኔም መጀመሪያ የተጨነቅሁት በዚሁ ነበር። ወፍራም ስፖንጅ ገዝቼ፣ ጥሩ ጨርቅ አልብሼ፣ በጠፍጣፋ ፕላይውድ ላይ አነጠፍሁትና በኅዳር ወር ሱሉልታ ሜዳ ዳር ሦስት ሌሊት አደርሁበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የወደቀብኝን ቁልፍ ለመፈለግ ፍራሹን ሳነሣው፣ የታችኛው ጨርቅ ገና ከመታጠቢያ እንደወጣ ልብስ ርሶ፣ በፕላይውዱም ላይ ጀርባዬና ዳሌዬ ያረፉበት ቦታ በውኃ ነጠብጣብ ተሸፍኖ አገኘሁት። ጣሪያው አላፈሰሰም፣ ዝናብም አልነበረም፤ ውኃው ከራሴ ሰውነት የወጣ ነበር። በመኪና ለማደር ለሚዘጋጅ ሰው ሁሉ ሥራውን ከፍራሹ ሥር እንዲጀምር የምመክረው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በትንፋሹና በላቡ እርጥበት ያወጣል። ይህ ሞቃትና እርጥብ አየር በስፖንጁ ውስጥ አልፎ ወደ ታች ሲዘልቅ ከቀዝቃዛው ጣውላ ወይም ላሜራ ጋር ይገናኝና ወደ ውኃነት ይለወጣል። የመኪናን ወለል ከውጭው ብርድ የሚለየው አንድ ስስ ላሜራ ብቻ ስለሆነ፣ በቤት ውስጥ የማናየው ነገር በመኪና ውስጥ በሁለትና በሦስት ሌሊት ይታያል። የሚታደርበት ቦታ ከፍታም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በጥቅሉ ሲታይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ተመችቶት ያደረ ሰው፣ በዚያው ፍራሽና በዚያው ብርድ ልብስ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የእንጦጦ ጫፍ ቢያድር ብርዱ ቢበረታበት ሊደንቀው አይገባም።

መኝታው የሚያርፍበት አካል አየር የሚያስገባ መሆን አለበት። እኔ አሁን የምጠቀምበት በሞራሌ የተሠራ ፍሬም ሲሆን፣ በላዩ 7 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ቀጫጭን ጣውላዎች በ4 ወይም በ5 ሴንቲሜትር ልዩነት ተረብርበውበታል። በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከዚህ በጣም ከሰፋ ስፖንጁ ወደ ክፍተቱ እየሰመጠ ቶሎ ይጎዳል፤ በጣም ከጠበበ ደግሞ አየሩ አይመላለስም። ከአልጋው ሥር ዕቃ ማስቀመጫ ስላለ ፕላይውዱን ማንሣት የማይፈልግ ሰው፣ በየ15 ሴንቲሜትሩ የ3 ሴንቲሜትር ቀዳዳ እንዲበሳበት አናጢውን ይዘዝ። የዕቃ ማስቀመጫው ግድግዳም በተመሳሳይ መንገድ ካልተበሳ ግን የአልጋው ቀዳዳ ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ አየሩ የሚገባበትም የሚወጣበትም መንገድ ያስፈልገዋል።

ይህ አሠራር ለእኛ አዲስ አይደለም። የጠፍር አልጋ ላይ የተኛ ሰው እንደሚያውቀው ጠፍሩ ተጠላልፎ በተወጠረበት በኩል አየር ከሥር ይመላለሳል፣ መኝታውም አይታፈንም። መኪናዬን ሳሰናዳ ያዩኝ አንዲት የሠፈራችን እናትም ፕላይውዱን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ልጄ፣ መሬት ላይ የሚያነጥፍ ሰው መጀመሪያ ሰሌን አይደለም እንዴ የሚዘረጋው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በርብራቡና በስፖንጁ መካከል አንድ ሰሌን ሲዘረጋ፣ የሰሌኑ ሽመና በስፖንጁ ሥር ስስ የአየር መተላለፊያ ይተዋል፤ ስፖንጁንም ከጣውላው ጠርዝ ይጠብቀዋል። ዋጋው ቀላል ነው፣ ቢቆሽሽ ይራገፋል፣ ቢያረጅም ይለወጣል።

ከዚህ በኋላ ወደ ስፖንጁ እንሻገር። ስፖንጅ ሲገዛ ሻጩ የሚጠራው ዴንሲቲ የአንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ክብደት በኪሎ ግራም ሲለካ ማለት ነው። ዴንሲቲ ከጥንካሬ ስሜት ጋር አንድ አይደለም፤ ሲጫኑት የሚደነድን ነገር ግን ቀላል የሆነ ስፖንጅ አለ፣ ሲጫኑት ለስለስ የሚል ከባድ ስፖንጅም አለ። ዕድሜውን በብዛት የሚወስነው ክብደቱ ነው። አዘውትሮ ለሚታደርበት አልጋ ከ30 በታች ያለውን አልመክርም። እኔ የመጀመሪያውን ስፖንጅ የገዛሁት 30 ነው ተብሎ ነበር፤ በአምስተኛው ወር ዳሌዬ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዶ ስለቀረ፣ ከተራፊው 50 በ50 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ቆርጬ አትክልት ቤት ወስጄ አስመዘንሁት። ዴንሲቲው 30 ቢሆን ኖሮ ቁራጩ 750 ግራም መመዘን ነበረበት፤ ሚዛኑ ያሳየው ግን 450 ግራም ነበር፤ ይህም ዴንሲቲው 18 መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ መርካቶም ይግዙ ሌላ ቦታ፣ ስፖንጁን ከማስቆረጥዎ በፊት ያስመዝኑት። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን በሜትር አባዝተው ክብደቱን በዚያ ቢያካፍሉት እውነተኛው ቁጥር ይወጣል።

ውፍረትን በተመለከተ በጀርባው የሚተኛ ሰው 10 ሴንቲሜትር ሊበቃው ይችላል። በጎኑ የሚተኛ ሰው ግን ትከሻውና ዳሌው ወደ ውስጥ ስለሚገቡ ተጨማሪ ያስፈልገዋል። እኔን ያረካኝ ከታች 8 ሴንቲሜትር ጠንከር ያለ፣ ከላይ ደግሞ 5 ሴንቲሜትር ለስለስ ያለ ስፖንጅ መደራረብ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በርብራቡ ላይ ተነጥፎ ሳለ በአንድ ጉልበት ተንበርክከው ሙሉ ክብደትዎን ያሳርፉበት፤ ጉልበትዎ ጣውላው ከተሰማው ሌሊት ዳሌዎም ይሰማዋል። ሁለቱን ስፖንጆች በማስቲሽ የሚያጣብቅ ሰው በአራቱ ማዕዘንና በመካከሉ ጥቂት ጥቂት ነጥብ ብቻ ያድርግ፤ ማስቲሹ በሙሉ ከተቀባ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ደንድኖ አየሩንም ልስላሴውንም ይወስደዋል። የሰውነትን ቅርጽ ይይዛል ተብሎ የሚሸጠው ሜሞሪ ፎም ደግሞ የሚለሰልሰው በሙቀት ነው፤ በብርድ ጊዜ ስለሚደነድን በሱሉልታ ሌሊት ሲተኙበት ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደ ጣውላ ይሰማል። የሚወደው ሰው ቢኖር ከላይ በስሱ ብቻ ቢጠቀምበት ይሻላል።

ልኬቱን ከመኪናው እንጂ ከገበያው ፍራሽ አይውሰዱ። በተለመደው የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ ውስጥ የጎን ለጎኑ ስፋት ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም ስለማያልፍ፣ አብዛኛው ሰው የሚተኛው በመኪናው ርዝመት ነው። የአልጋው ርዝመት ከባለቤቱ ቁመት በ10 ወይም በ15 ሴንቲሜትር ይብለጥ። ቀን መቀመጫ፣ ማታ አልጋ የሚሆኑ ትራስ መሳይ ቁራጮች ሲሠሩ ዋናው ጥንቃቄ መገጣጠሚያው የት ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። መገጣጠሚያው ከዳሌ ወይም ከትከሻ ሥር ከዋለ፣ ቁራጮቹ ሌሊት በመገላበጥ ይለያያሉ፣ በመካከላቸውም ብርድ ይገባል። ከመቁረጥዎ በፊት በአልጋው ልክ በወረቀት ወይም በካርቶን ላይ ተኝተው፣ ትከሻና ዳሌ የሚያርፉበትን ሌላ ሰው በእስክርቢቶ ምልክት እንዲያደርግልዎ ይጠይቁ፤ መገጣጠሚያውን ወገብና ጉልበት አካባቢ ያድርጉት። ከላይ የሚነጠፈው የ5 ሴንቲሜትሩ ስፖንጅ ሳይቆራረጥ አንድ ወጥ ከሆነ መገጣጠሚያው ጨርሶ አይሰማም፤ ቀን ተጠቅልሎ በገመድ ይታሰራል። ስፖንጁን በረጅምና ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ፣ ሳይጫኑ፣ በረጅሙ እየሳቡ ቢቆርጡት ጠርዙ ቀጥ ይላል። ከጨርቁ ልክ በ1 ሴንቲሜትር ገደማ አስበልጠው ይቁረጡት፤ ያን ጊዜ ጨርቁ ተወጥሮ ይቀመጣል፣ አይጨማደድም።

ስለ ልባሱ ብዙ የምለው የለኝም። ከውስጥ አቡጀዲ፣ ከውጭ ጠንካራ የጥጥ ቅልቅል ጨርቅ፣ በረጅሙ ጎን ሙሉ ዚፕ ይበቃል፤ የመኪና ወንበር የሚሰፉ ባለሙያዎች በአንድ ቀን ይጨርሱታል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፦ አዲስ ፍራሽ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ፕላስቲክ «እንዳይቆሽሽ» ብለው አይተዉበት። ፕላስቲኩ ላቡን በሙሉ ይይዛል፣ ስፖንጁም ከውስጥ ይሸታል።

ሌሊት ሁለት መስኮቶችን፣ ፊት ለፊት ባሉ ጎኖች፣ በሁለት ጣት ያህል ክፍት ያድርጉ። ብርዱ ያስፈራል፤ ነገር ግን የትንፋሹ እርጥበት መውጫ ካጣ መስኮቱም ልብሱም ይረጥባል፣ የረጠበ ልብስ ደግሞ ከክፍቱ መስኮት ይልቅ ያበርዳል። በጋቢ የለመደ ሰው ጋቢውን ለሰውነቱ አስጠግቶ፣ የመንዝ ባና ቢያገኝ ከላይ ይደርብበት፤ ሱፍ ትንሽ እርጥበት ቢነካውም ሙቀቱን አይተውም። ለእግር የላስቲክ ከረጢት ሙቅ ውኃ በቂ ነው። ከሰል ግን በፍጹም በመኪና ውስጥ አይያዝ፤ ጢሱ ጠፍቶ ፍሙ ቢቀላም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። መስኮት መክፈት ለዚህ ዋስትና አይሆንም። ለማሞቅ ብሎ ሞተር አስነሥቶ መተኛትም በተመሳሳይ ምክንያት አደገኛ ነው።

ቦታ ሲመርጡ ጥሩ ፍራሽ እንኳ ተዳፋት ላይ እንደማያስተኛ ያስታውሱ። በግማሹ ውኃ የያዘ ሃይላንድ በአልጋው ላይ አጋድመው ውኃው ወደየት እንደሚያዘነብል ይዩ፤ በዝቅተኛው ጎን ጎማ ሥር ጣውላ አስገብተው ያስተካክሉ። ፍጹም መስተካከል ካልቻለ ራስጌው ከግርጌው ከፍ ይበል እንጂ ወደ ጎን አያዘንብል።

ጠዋት ተነሥተው ወዲያው አልጋውን አያንጥፉ። ስፖንጆቹን በጎናቸው አቁመው፣ በሮቹን ከፍተው፣ ቡናው እስኪፈላ ይተዉአቸው። በበጋ ፀሐይ ላይ ማውጣት ይቻላል፤ ጨርቁ ግን አይውለቅ፣ ምክንያቱም ራቁቱን ፀሐይ የመታው ስፖንጅ ቢጫ ሆኖ እንደ ዱቄት መፈርፈር ይጀምራል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ በማይገኝበት ጊዜ መኪናው ባይነዳም ፍራሾቹ ወደ ቤት ገብተው ቆመው ይክረሙ። በጣውላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ በአቼቶ ተጠርጎ በደንብ ይድረቅ፤ ሻጋታው ወደ ስፖንጁ ውስጥ ከገባ ግን ማጠብ አያወጣውምና ያን ቁራጭ መለወጥ ያስፈልጋል።