በግዕዝ ቁጥር ዓመተ ምሕረት ሲጻፍ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመቃብር ሐውልት እቀርጻለሁ። ሥራው መሮና መዶሻ ነው፤ ከተሳሳቱ በኋላ ላጲስ የለውም። ሥራውን ስጀምር አካባቢ የአንድ አዛውንት ሐውልት ታዘዝኩ። ልደታቸው 1907፣ ዕረፍታቸው 1998 ዓ.ም.። ልጃቸው «ቁጥሩ በግዕዝ ይሁንልን» አለኝ። እሺ አልኩ። ከ19 ቀጥሎ ያለችውን ዜሮ ምን ላድርጋት ብዬ ስጨነቅ ቆየሁና ፲፱፻፸ ብዬ ቀረጽኩ።

ሐውልቱን ልናቆም ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ የኔታ ጠጋ ብለው አነበቡት። «አንተ ልጅ፣ እኚህን ሰውዬ በሃያ ስምንት ዓመታቸው ገደልካቸው እኮ!» አሉኝ። ለካ የጻፍኩት 1970 ነው። ሌላ ድንጋይ ከኪሴ ገዛሁ። የኔታ ግን ዝም ብለው አልሄዱም፤ ከወይራው ሥር አስቀምጠው አስተማሩኝ። እኔም እንደዚያው ላስተምራችሁ።

ምልክቶቹ ሃያ ብቻ ናቸው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ፦ ፩ ፪ ፫ ፬ ፭ ፮ ፯ ፰ ፱። ከዐሥር እስከ ዘጠና፦ ፲ ፳ ፴ ፵ ፶ ፷ ፸ ፹ ፺። ከዚያ ፻ መቶ ነው፤ ፼ ደግሞ እልፍ፣ ማለትም 10,000። ፼ን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሁለት ፻ ተጣብቀው ነው። መቶ ጊዜ መቶ እልፍ ስለሆነ በዚያው ያዙት። ለሺህ ምልክት የለም። ዜሮም የለም፤ እኔን ጉድ የሠራችኝም እሷው ናት።

የቁጥሮቹ መነሻ የግሪክ ፊደል ነው። ግሪኮች በፊደላቸው ይቆጥሩ ነበር። ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች ቁጥሩን ከፊደል ይለያሉ። እኔ ስቀርጽ በማስመሪያ መጀመሪያ ሰረዞቹን አሰምራለሁ፤ ሆዱን በኋላ እሞላለሁ። አለበለዚያ ቁጥሩ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ ይወላገዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ቁረጡት። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያረፉት በ1893 ነው። 18 እና 93 ይሆናል። 18 ዐሥርና ስምንት ነው፤ ፲፰። 93 ዘጠናና ሦስት፤ ፺፫። መካከላቸው ፻ን አስገቡ። ፲፰፻፺፫።

ሽማግሌዎቻችን ይህን ዓመት እንዴት ይጠሩታል? «ዐሥራ ስምንት መቶ ዘጠና ሦስት»። በቃ፣ የሰማችሁትን መጻፍ ነው። «አንድ ሺህ ስምንት መቶ» ካላችሁ ግን ጠፋችሁ። የኔን 1907 እዩት፤ ዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባት፣ ፲፱፻፯። ዜሮዋ ካፋችሁ አልወጣችም፤ ድንጋዩም ላይ አትወጣም። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱበት 1902ም እንዲሁ ፲፱፻፪ ነው።

ችግሩ ከ2000 ወዲህ ነው። ሁላችንም «ሁለት ሺህ» ማለት ስለለመድን ጆሮ አያግዘንም። እዚህ ላይ «ሃያ መቶ» በሉ። 2000 ፳፻ ነው፤ 2018 ደግሞ ፳፻፲፰። አንዳንዱ 2018ን በየአኃዙ እየለወጠ ዜሮዋን ዘሎ ፪፩፰ ብሎ ባነር ላይ ይለጥፋል። እሱ ቁጥር አይደለም፤ ጌጥ ነው።

መቶ ብቻውን ሲሆን ፩ አይቀድመውም። መዝሙረ ዳዊት ፻፶ ነው እንጂ ፩፻፶ አይባልም። የሮማን ቁጥር የሚያውቅ አንድ ደንበኛዬ «ዘጠኝን አንድ ከዐሥር በፊት አድርገህ አትጽፍም ወይ?» ብሎኝ ነበር። አይሆንም። ሮማውያን ይቀንሳሉ፤ በግዕዝ መቀነስ የለም። ዘጠኝ የራሱ ፱ አለው።

ማንበቡ ቀላል ነው። መጀመሪያ ፻ን ፈልጉ። ከግራው ያለውን በመቶ አባዙ፣ ከቀኙ ያለውን ደምሩ። ፲፱፻፷፮ ካያችሁ 19 መቶ እና 66፣ የአብዮቱ ዓመት ነው። ከእልፍ በላይ ለሚሆን ቁጥር ሁለተኛው መቁረጫ ላይ ፼ ይገባል። 45,678 ብትሉ ፬፼፶፮፻፸፰ ይሆናል። ሐውልት ላይ ግን ይህ አይገጥመኝም፤ ያን ያህል የኖረ ሰው የለም።

አሁን መሮ ከማንሣቴ በፊት ዓመቱን በጠመኔ እጽፍና መንገድ ላይ የሚያልፍ ዲያቆን ጠርቼ ጮክ ብለህ አንብብልኝ እለዋለሁ። የሚቀመጠውም እዚያ የተበላሸው ድንጋይ ላይ ነው። ፲፱፻፸ የሚለውን ፊቱን ወደ መሬት ገልብጬዋለሁ።