የሚያስቅ ገጸ ባሕርይ ስትሠሩ መጀመሪያ ጥቁር ቀቡት

አኒሜሽን ለምትማሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓይንና አፍ ላይ ከመድከማችሁ በፊት ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀቡት። ጥላው ብቻ ሲታይ ምን እንደሆነ ካልለየ ቅርጹ ገና ነው።

እኔ ተማሪ እያለሁ እሳት የሚፈራ ጀበና ሠርቼ ነበር። ፊት ሣልኩለት፣ ቅንድብ ጨመርኩለት፤ ማንም አልሳቀም። ኋላ ፊቱን አጠፋሁና ሆዱን አሳበጥኩት፣ እግሮቹን እንደ ክብሪት እንጨት አቀጠንኳቸው። ገና ሳይንቀሳቀስ ጓደኞቼ በሳቅ ፍርስ አሉ። (አንገቱ ረጅም ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ከሰሉን ሲሰልል ደግሞ ጉድ ነው።)

እንቅስቃሴው ላይ ቀልዱን የሚገድለው ችኮላ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) የምትሠሩ ከሆነ፣ ጀበናው ከመዝለሉ በፊት ከ8 እስከ 12 ፍሬም ፀጥ ብሎ ይቁም። ቢበዛ ግማሽ ሰከንድ ናት፤ ግን ተመልካቹ "አሁን ሊፈነዳ ነው" ብሎ የሚጠብቀው እዚያች ላይ ነው። ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ይበልና በ4 ፍሬም ማቶቱ ላይ ዘሎ ጉብ ይበል። ሲያርፍም ድርቅ አይበል፤ አካሉ ከቆመ በኋላ ውታፉ ጥቂት ፍሬም ይንቀጥቀጥ።

ሶፍትዌሩ አያስጨንቃችሁ፣ ብሌንደር የሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ድምፅና ሙዚቃ ግን ገና አትጨምሩ። መጀመሪያ ድምፅ አልባውን ለታናሽ እህታችሁ አሳዩና ፊቷን እዩ።