የአንድን ትንሽ የትምህርት ዲስትሪክት የተማሪ ቁጥርና በጀት እንዴት ማንበብ ይቻላል? የፎልስ ቸርች ከተማ ምሳሌ

በሰሜን ቨርጂኒያ ቤት ለመግዛት ወይም ለመከራየት የሚያስቡ ወላጆች ስለ ትምህርት ቤቱ የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ከወዳጅ የሰሙትን ወይም የቤት አሻሻጭ ድረ ገጾች የሚሰጡትን ነጥብ ነው። ትምህርት ቤቱ እነማንን እንደሚያስተምርና ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ ግን ማንኛውም ሰው ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ ሰነዶች ራሱ ሊያነብ ይችላል። አነባበቡን በፎልስ ቸርች ከተማ ምሳሌ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ቤቱ በየትኛው ዲስትሪክት ውስጥ እንዳለ ያረጋግጡ። የፖስታ አድራሻ እዚህ ላይ አይታመንም። የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች የሚበዙባቸው ቤይሊስ ክሮስሮድስና አካባቢው በፖስታ «ፎልስ ቸርች» ይባሉ እንጂ በፌርፋክስ ካውንቲ ሥር ናቸው፤ ልጆቻቸውም ወደ ካውንቲው ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ። በ1948 ራሱን ችሎ የተቋቋመው የፎልስ ቸርች ከተማ ግን ስፋቱ ሁለት ስኩዌር ማይል ገደማ ብቻ ሲሆን የራሱ የትምህርት ቦርድና አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማለትም ሜሪዲያን፣ አለው። የቤቱ ግብር ለከተማው ወይስ ለካውንቲው እንደሚከፈል መጠየቅ ጥርጣሬውን ያጠራል።

ቀጥሎ የተማሪዎቹን ስብጥር ይመልከቱ። የቨርጂኒያ ትምህርት መምሪያ በየትምህርት ቤቱ ያሉትን ተማሪዎች በዘር፣ በኢኮኖሚ ሁኔታ፣ በአካል ጉዳትና በእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ከፋፍሎ ያወጣል። በትንሽ ዲስትሪክት ግን መቶኛ ያሳስታል። በአንድ የክፍል ደረጃ 12 ጥቁር ተማሪዎች ኖረው 9ኙ ፈተናውን ቢያልፉ ውጤቱ 75 በመቶ ነው፤ ከ12ቱ አንድ ተጨማሪ ልጅ ቢያልፍ 83 በመቶ ይሆናል። ጋዜጣ ላይ «ከፍተኛ መሻሻል» ተብሎ የሚጻፈው እንዲህ ያለው የአንድ ልጅ ልዩነት ሊሆን ስለሚችል ከመቶኛው በፊት የተማሪዎቹን ብዛት ይፈልጉ፤ የበርካታ ዓመታትንም ጎን ለጎን ያስተያዩ። ከአሥር ያነሱ ተማሪዎች ያሉበት ቡድን ውጤት የልጆቹ ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል ስለሚሸፈን፣ በሰንጠረዡ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየው ቦታ ልጆች የሉም ማለት አይደለም።

ኢትዮጵያዊ ልጆችን በዚህ ሰንጠረዥ ለይቶ ማግኘት አይቻልም፤ የሚቆጠሩት በጥቁር አሜሪካውያን ሥር ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በማርች 2024 ያወጣው አዲስ የዘር መመደቢያ «ኢትዮጵያዊ»ን ከዝርዝር ምድቦቹ አንዱ አድርጎታል፤ ይህ በትምህርት ቤት ሰንጠረዦች ላይ እስኪታይ ግን የተሻለው ፍንጭ በቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪዎች ስንት እንደሆኑ ዲስትሪክቱን በቀጥታ ይጠይቁ።

ገንዘቡ ላይ ስንደርስ፣ በብዛት የሚጠቀሰውና በእኔ ግምት ብቻውን ብዙ የማይጠቅመው ቁጥር የነፍስ ወከፍ ወጪ ነው። ስንት እንደወጣ ይነግራል፤ ማን እንደከፈለና በማን ፈቃድ እንደተከፈለ ግን አይነግርም። ግዛቱና አካባቢው ምን ያህል እንደሚከፍሉ ቨርጂኒያ የምትወስነው «ሎካል ኮምፖዚት ኢንዴክስ» በሚባል መለኪያ ነው፦ የአካባቢው የንብረት ዋጋ 50 በመቶ፣ የነዋሪው ገቢ 40 በመቶ፣ የችርቻሮ ሽያጭ 10 በመቶ ይመዝናሉ። ለትምህርት ከተመደበው የሽያጭ ታክስ ድርሻ በቀር፣ ግዛቱ አነስተኛ ብሎ ከቀመረው የትምህርት ወጪ ውስጥ አካባቢው የሚሸፍነው በዚህ መጠን ነው። የፎልስ ቸርች መለኪያ ለዓመታት ከጣሪያው፣ ከ0.8፣ አልወረደም። ስለዚህ የቀመሩ ወጪ ለአንድ ተማሪ 10,000 ዶላር ነው ብንል ግዛቱ 2,000፣ ከተማው 8,000 ይከፍላል። ሌላዋ ትንሽ ከተማ ማናሳስ ፓርክ መለኪያዋ ከ0.3 በታች ስለሆነ ከ7,000 በላይ የሚሆነው ከግዛቱ ይመጣላታል። የግዛቱ ሕግ አውጪዎች አጥኚ አካል ጄላርክ በ2023 እንዳሳየው ደግሞ ቀመሩ ራሱ ዲስትሪክቶች በተጨባጭ ከሚያወጡት እጅግ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱን የሚሞላው በዋናነት የአካባቢው ግብር ነው።

በቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው የከተማው ምክር ቤት ወይም የካውንቲው ቦርድ ነው። ለሕንፃ የሚወሰድ ብድርም ከመደበኛው በጀት ተለይቶ ይነበባል። በ2017 የፎልስ ቸርች መራጮች ለአዲሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ120 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጽድቀዋል፤ ያ ገንዘብ መምህር ሊቀጠርበት አይችልም።

ከሁሉም በላይ ልጅዎ በትክክል እንዲቆጠር ያድርጉ። የመኸሩ ቆጠራ የሚካሄደው በሴፕቴምበር 30 ሲሆን፣ የግዛቱ ክፍያ እስከ ማርች 31 ባለው አማካይ የተማሪ ቁጥር ይሰላል። 15 ተከታታይ የትምህርት ቀናት የቀረ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ስለዚህ ለገና ወይም ለፋሲካ ልጆችን ይዞ አገር ቤት ለረጅም ጊዜ የሚሄድ ቤተሰብ ከጉዞው በፊት ጽሕፈት ቤቱን ያነጋግር። የምሳ ድጋፍ ፎርሙንም መሙላት ይገባል፤ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስፈርት እስከ 130 በመቶ የሆነ ቤተሰብ ምሳ በነፃ፣ እስከ 185 በመቶ የሆነው ደግሞ ቢያንስ በቅናሽ ያገኛል። የፎርሙ ቁጥር ዲስትሪክቶች ታይትል ዋን የሚባለውን፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የሚውለውን የፌዴራል ገንዘብ ሲያከፋፍሉ ያገለግላል።

በምዝገባ ጊዜ «በቤት የሚነገረው ቋንቋ» ለሚለው ጥያቄ ልጃቸው ዝቅተኛ ክፍል እንዳይመደብ ፈርተው «እንግሊዝኛ» ብለው የሚሞሉ ወላጆች አሉ። ፍርሃቱ የሚገባ ቢሆንም መፍትሔው ይህ አይደለም፤ «አማርኛ» ብሎ መጻፍ የሚያስከትለው የቋንቋ መመዘኛ ፈተና ነው፤ ልጁ ካለፈ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ድጋፍ ያስፈልገዋል ቢባልም ወላጅ የቋንቋ ድጋፍ ትምህርቱን አልፈልግም የማለት መብት አለው።

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ጁላይ 1 ስለሆነ ክርክሩ የሚካሄደው ከዚያ በፊት በአሜሪካው ክረምትና ጸደይ ነው። ሱፐርኢንቴንደንቱ ረቂቁን ለቦርዱ፣ ቦርዱ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ በመካከሉ የሕዝብ አስተያየት ስብሰባ ይደረጋል፤ ለተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አስተርጓሚ ከፈለጉ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። በስብሰባው ላይ ከአጠቃላይ ቅሬታ ይልቅ መልሱ ቁጥር የሆነ ጥያቄ ይሠራል፦ በሴፕቴምበር 30 የተቆጠሩት እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ ልጆች ስንት ናቸው? ካለፈው ዓመት ስንት ጨመሩ? ለእነሱ የተመደቡት መምህራንስ? የመጨረሻው መልስ በረቂቅ በጀቱ የሠራተኛ መደብ ሰንጠረዥ ላይ መገኘት አለበት፤ ከሌለ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።