ለደመራ አዲስ አበባ ለመምጣት ካሰባችሁ ከመውጫው ጀምሩ

ደመራ በቴሌቪዥን ሲታይ ሁሉም ነገር ሥርዓት አለው። ካህናቱ በካባና በጥላ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራኑ በሰልፍ፣ ከዚያ ጸሎቱ፣ ከዚያ እሳቱ። ካሜራው የማያሳየው ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ላይ "ቤቴ ልግባ" ብሎ ሲነሳ ነው። እኔ ከክፍለ ሀገር እየመጣሁ መስቀል አደባባይ ለማክበር ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት እሳቱን ሳላይ ቀረሁ። በሁለተኛው አየሁት፣ ግን አክስቴ ጠፋችብኝ። እንደ ሰው ያከበርኩት በሦስተኛው ነው። እናንተ ሦስት ዓመት እንዳትፈጁ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ቀኑን አትሳቱ

የአዲስ አበባው ደመራ የሚለኮሰው መስከረም 16 ወደ ማታ ነው። መስቀል ራሱ 17 ነው። ይሄማ ማን ይጠፋዋል ትሉ ይሆናል። እኔ ባደግሁበት አገር ግን ደመራው በ16 ይደመራል፣ እሳቱ የሚለኮሰው በ17 ማለዳ ነው። ስለዚህ በ16 ከአውቶብስ ወርጄ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ነገ በሌሊት ተነስቼ እሄዳለሁ ብዬ ጋደም አልኩ። ስነቃ የእንግዳ ማረፊያው ቴሌቪዥን ላይ ደመራው ይንቦገቦጋል። የዘበኛው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከውጭ አገር የምትመጡ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። መስከረም 16 ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ይውላል። ያለፈው ዓመት ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች ግን አንድ ቀን ይገፋና 27 ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያው ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ያገራችንን ካላንደር ግለጡ። አምና በዚህ ቀን ነበር ብሎ መገመት አያዋጣም።

መንገዱ

ቢዘገይ ቢዘገይ በ15 ከተማ ግቡ። በዋዜማው ሳምንት ጉራጌው ለመስቀል ወደ አገሩ ስለሚወርድ ወልቂጤና ቡታጅራ የሚሄደው መኪና ጢም ብሎ ይወጣል። ከዚያ አቅጣጫ ለምትመጡት ግን ይሄ ዕድል ነው፣ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ቦታ አይጠፋም። በነገራችን ላይ፣ በዚያው መርካቶ ዕቃ ልግዛ ብላችሁ ዝርዝር የያዛችሁ ካላችሁ ዝርዝሩን እቤት ተዉት። ባለሱቁ አገሩ ገብቶ ክትፎውን እየበላ ነው።

መኝታና መውጫ አንድ ላይ ይታሰባሉ

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ብዙ ሰው የሚያስበው አደባባዩ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ነው። መግባት እኮ ቀላል ነው፣ ቀደም ብሎ መምጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። ጣጣው መውጣቱ ላይ ነው። ወደ መስቀል አደባባይ ከቦሌ ይመጣል፣ ከሜክሲኮ በስታዲየም ይመጣል፣ ከመገናኛ በኡራኤልና በባምቢስ ይመጣል፣ ከአራት ኪሎ ቁልቁል በፍልውሃ ይመጣል፣ ከጎተራም በመሿለኪያ ይመጣል። በዕለቱ እነዚህ ሁሉ ለመኪና ይዘጋሉ። ፖሊስ የሚዘጉትን መንገዶች ዝርዝር ቀደም ብሎ ያወጣል፣ ፈልጋችሁ አንብቡት። ሕዝቡ ከሞላ በኋላ ደግሞ አደባባዩን ሰንጥቆ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መሻገር የለም። በቦሌ በኩል የገባ በቦሌ በኩል ይወጣል ብላችሁ ቁረጡ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ማታ በየት በኩል እንደምትወጡ ወስኑ። ከዚያ በዚያው ወገን በእግር የሚደረስበት መኝታ ፈልጉ። መጨረሻ ላይ በዚያው ወገን ግቡ። አደባባዩ አፍንጫ ሥር ያለ ሆቴል ውድ ነው፣ እውነቱን ለመናገር አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ይበቃል፣ ወገኑ ትክክል ይሁን እንጂ። የድሮ ትዝታ ይዛችሁ ካዛንቺስ ርካሽ አልጋ አላጣም ያላችሁ ካላችሁም፣ ሰፈሩ ፈርሶ መልኩ ተቀይሯልና ሳትደውሉ አትምጡ።

እኔ በሁለተኛው ዓመት ይሄን አላወቅሁም። ያረፍኩት ለገሃር ነው፣ አክስቴ የምትኖረው መገናኛ ነው። ከተጠፋፋን "ስታዲየም ጋ" ተባባልን። ስታዲየም ማለት ስንት በር ያለው ግንብ እንደሆነ ልብ በሉ! እሳቱ ተለኮሰ፣ እልል ተባለ፣ ሰው ተንቀሳቀሰ፣ ዞር ስል አክስቴ የለችም። ስልክ ስደውል ኔትወርኩ ሞቷል። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ቪዲዮ እየላከ እንዴት ይሥራ? ስታዲየሙን ስዞር፣ ፖሊስ ስጠይቅ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ሁሉ እሷ ስትመስለኝ (ደመራ ላይ ነጭ ያልለበሰ ማን አለ?) ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆነ። እሷ ለካ ሕዝቡ በባምቢስ በኩል ይዟት ሄዶ፣ በእግሯ ቤቷ ገብታ፣ ቡና አፍልታለች። "የት ጠፋህ አንተ?" አለችኝ።

የመገናኛ ቦታ ስትመርጡ እንግዲህ ከተዘጋው ክልል ውጭ ይሁን፣ በመውጫችሁ መንገድ ላይ ይሁን፣ አንድ ነጥብ ይሁን። "ኡራኤል አካባቢ" አይባልም፣ "የኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ዋናው በር፣ በስተቀኝ" ይባላል። ሰዓትም ቁረጡ፣ ስልክ ሠራም አልሠራም እዚያ እንገናኛለን ተባባሉ። ለልጆች ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ። ጥሬ ብርም ያዙ፣ ኔትወርክ ከሌለ ቴሌብር ላይ ያለው ገንዘብ ታክሲ አያሳፍርም።

ፍተሻው

ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። ከመናኸሪያ በቀጥታ ከነጓዙ መጥቶ ፍተሻ ላይ የተመለሰ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፣ አሳዘነኝ። ስለት ያለው ነገርና ርችት አይገባም። ሌላውን ክልክል ፖሊስ በሚያወጣው ማሳሰቢያ ላይ ታገኙታላችሁ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ መርሐ ግብሩ ከሰዓት በኋላ ስለሚጀምር ከቀትር በፊት ብትሰለፉ ደረጃው ላይ ጥሩ ቦታ ይደርሳችኋል። መቀመጫው ሽቅብ እየተደራረበ የሚሄድ ስለሆነ ከላይ ያለው ሰው ከታቹ የተሻለ ያያል። ፊት ለመድረስ አትጋፉ።

ሽንት ቤት ጨርሳችሁ ግቡ። አለባበሱን ማንም አይነግራችሁም፣ ነጠላችሁን ታውቃላችሁ። ጫማው ግን ክፍት አይሁን፣ ትረገጣላችሁ። ዝናቡም ገና ጠቅልሎ ስላልወጣ ቀለል ያለ የዝናብ ልብስ ይሻላል፣ ጃንጥላ ከዘረጋችሁ ከኋላ ያለው ሰው ይረግማችኋል። ስልካችሁን የኋላ ኪስ አትክተቱ። ስለ ሌባ ሌላ የምለው የለኝም።

ከእሳቱ በኋላ

አንዳንዱ ሰው ግፊያ ለማምለጥ ሊለኮስ ሲል ይወጣል። ለዚያማ ቴሌቪዥን ነበር! ቁጭ በሉ፣ እዮሃ አበባዬን ጨፍሩ፣ ሰው ይቅለል። ከዚያ በመረጣችሁት መንገድ በእግር ውጡና ታክሲ መፈለግ የምትጀምሩት ግማሽ ሰዓት ከሄዳችሁ በኋላ ይሁን። አጥሩ አጠገብ ቆሞ እንደ "ራይድ" ወይም "ፈረስ" ባለ የስልክ መተግበሪያ ታክሲ መጥራት ከንቱ ነው፣ ሾፌሩ መንገዱ ተዘግቶበት የት ይምጣላችሁ? የከተማው ቀላል ባቡር ስታዲየምና እስጢፋኖስ ጣቢያ አለው፣ ግን በዚያ ቀን ዕቅዳችሁን በእሱ ላይ አትጣሉ።

የእግር መንገዱ ደግሞ ቅጣት እንዳይመስላችሁ። በየሰፈሩ ትንንሽ ደመራ ይነዳል፣ ልጆች ችቦ ይዘው ይሯሯጣሉ፣ ዳቦና ጠላ ይዞ "ቅመሱ" የሚል አይጠፋም። እንዲያውም ትንሽ ልጅ ወይም እግር የሚያማቸው እናት ይዛችሁ ከሆነ ምክሬ አደባባዩን ትታችሁ ዘመድ ቤት ያለውን የሰፈር ደመራ አክብሩ ነው። ሰዎች ይሄን ስል ይቆጡኛል፣ በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበውን በዓል ሰፈር ውስጥ እንዴት ይላሉ። የተመዘገበው በዓሉ እንጂ አደባባዩ አይደለም።

በ17 ጠዋት የመልስ ጉዞ አትያዙ። ተነሱና ወደ ደመራው ተመለሱ። ግፊያው የለም፣ ምሰሶው ወዴት እንደወደቀና ዘመኑ ምን እንደሚሆን ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ ትሰማላችሁ፣ ምእመኑ ከአመዱ እየነካ ግንባሩ ላይ መስቀል ያደርጋል። ለእናታችሁ ከአመዱ የምትቋጥሩበት ትንሽ ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። እኔ በሦስተኛው ዓመት ሁሉን አሟልቼ እሱን ረስቼ፣ በአውቶብስ ትኬቴ ጠቅልዬ ወሰድኩላት፤ መናኸሪያው በር ላይ ትኬት ስጠየቅ አመዱን ወደ መሐረብ ሳዛውር ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ ጠበቀኝ።